ፍልፈልና ነቀርሳ፤ ከጨንቻ ጓሮ የተነሣ ጥያቄ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጧት ሁለት አገር ያያል። ከታች አባያና ጫሞ፣ ሙዝና ሙቀት፤ ከላይ ቀርከሃና እንሰት፣ ገብስና ጉም። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ ሳይወርድ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ከብዙ ዓመት በፊት በጀማሪ መምህርነቴ ወደዚያ በወጣሁ ጊዜ በዶርዜ አቅራቢያ አንድ ሽማግሌ ጓሯቸውን አሳዩኝ። ለዓመታት የተደከመበት አንድ ትልቅ እንሰት ቅጠሉ ገና ሳይደርቅ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ከሥሩ ስናየው ግንዱ ከመሬት በታች ተቦርቡሮ ባዶ ሆኗል፤ አጠገቡም ትኩስ የአፈር ቁልል አለ። ሽማግሌው በበትራቸው ቁልሉን እየነካኩ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ እስቲ፤ እግዜር ይኼን ፍልፈል ለምን ፈጠረው?» አሉኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ ስቄ አለፍሁ።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ሕያዋን ፍጥረታት ነቀርሳን በተፈጥሯቸው እንዴት እንደሚቋቋሙና የሕዋሳቸውን ጉዳት እንዴት እንደሚይዙት ታሪኩን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ያ የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ምክንያቱም የዚህ ዕውቀት አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የሚጀምረው ከፍልፈል፣ ያውም ከኢትዮጵያ ፍልፈል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ።

ወደ ፍልፈሉ ከመግባቴ በፊት ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ነቀርሳ፣ ዛሬ ሁላችን ካንሰር የምንለው፣ እንደ ወባ ከውጭ ገብቶ የሚያጠቃ ባዕድ አይደለም። የገዛ ሕዋሳችን ሕግ አፍርሶ ያለ ልክ መባዛቱ ነው። ለዚህም መነሻው በሕዋሱ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.፣ መበላሸቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ እንደ ድንጋይ ጽላት የማይለወጥ ይመስል ነበር። በ1970ዎቹ ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ግን በውኃና በሙቀት ብቻ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዘወትር የሚፈርስ መሆኑን አሳየ። በአንዲት የሰው ሕዋስ ውስጥ በየቀኑ በሺሕ የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል፤ በየቀኑም አብዛኛው ይጠገናል። ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር ይህን የጥገና ሥራ ስላብራሩ በ2015 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጥገናው ባልተሳካ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥበቃ አለ። በ1979 የተገኘው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን የተጎዳውን ሕዋስ ከመባዛት ያግደዋል፣ ካልሆነም ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። እንግዲህ ሊያስገርመን የሚገባው የምንታመም መሆናችን ሳይሆን ብዙዎቻችን ለብዙ ዘመን ሳንታመም መኖራችን ነው።

ለዚህ ጥበቃ ምስክር ፍለጋ ከጨንቻ ገበያ መራቅ አያሻም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ይሁንና ደጋው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውለው ገበሬ ቆዳ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም በየሕዋሱ አስኳል ላይ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ጨረሩን ይመክታል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሳራ ቲሽኮፍ ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛንያና ከቦትስዋና ሰዎች ባሰባሰበው ናሙና ላይ የሠራውን ጥናት በ2017 ሲያወጣ ከቆዳ ቀለም ጋር ከተያያዙት የዘር ሥፍራዎች አንዱ ዲዲቢ1 ከተባለው ዘረ መል ዘንድ ተገኘ። የዚህ ዘረ መል ሥራ ደግሞ በጨረር የተጎዳ ዲ.ኤን.ኤ.ን በመጠገን መሳተፍ ነው። ጃንጥላውና የጥገና ሠራተኛው በአንድ ሰፈር መገኘታቸው መሆኑ ነው። ይህ ጥበቃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ያለ ሜላኒን የተወለዱ ወገኖቻችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው በቆዳ ነቀርሳ ይጠቃሉና።

ከሰው ወጥተን ወደ እንስሳት ስንሻገር አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመናል። እያንዳንዱ ሕዋስ ለነቀርሳ መነሻ ሊሆን የሚችል ከሆነ ብዙ ሕዋስ ያለው፣ ረጅምም ዕድሜ የሚኖረው ፍጥረት አብልጦ መታመም ነበረበት። ሰው ከአይጥ ከሺሕ እጥፍ በላይ ሕዋስ አለው፣ ሠላሳ እጥፍ ያህልም ይኖራል፤ ነገር ግን ከአይጥ አብልጦ በነቀርሳ አይሞትም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፒቶ ይህን በ1970ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ስለ ነበር እንቆቅልሹ በስሙ ይጠራል። ለአንዱ ወገን መልስ የሰጠው ዝሆን ነው። በማጎ ጫካ የሚዘዋወረው የዝሆን ዘር የፒ53ን ዘረ መል 20 ቅጂ ተሸክሞ የሚዞር መሆኑ በ2015 ታወቀ፤ የሰው አንድ ብቻ ነው። የዝሆን ሕዋስ ጉዳት ሲደርስበት ለመጠገን ብዙ ሳይደክም ፈጥኖ ይሞታል። ለትልቅ አካል አንዲት ሕዋስ ምንም አይደለችም።

ትንሹ ነገር ግን ብዙ ዓመት የሚኖረውስ? እዚህ ላይ ነው ፍልፈሉ የሚገባው።

ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ በዘመነ መሳፍንት ሁከት መካከል እስከ ጎንደር ዘልቆ ተመለሰ። የሰበሰባቸውን እንስሳት፣ አዕዋፍና የብራና መጻሕፍት ወደ ትውልድ ከተማው ወሰደ። ዛሬ የምንኮራባቸው ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በሳይንስ መዝገብ የገቡት እርሱ በሰጣቸው ስም ነው። ይህን ያህሉን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናውቃለን። የማይነገርለት ለፍልፈሎች የነበረው ትኩረት ነው። በ1835 ከደምቢያ የተገኘውን ተራውን የደጋ ፍልፈል ጻፈ፤ ዛሬ ታኪዮሪክቴስ ስፕሌንደንስ የሚባለው ይኸው ነው። በ1842 ደግሞ ሁለት ጨመረ። አንዱ በባሌ ተራሮች የሚኖረውና በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ሁለተኛው ከሸዋ መጣ የተባለ፣ የአይጥ ቁመት ያለው፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የገጠጠ፣ ጠጉር የሚባል ነገር የሌለው እንግዳ ፍጥረት ነበር። ሄቴሮሴፋሉስ ግላበር ብሎ ሰየመው፤ እኔ ጠጉር አልባው ፍልፈል እለዋለሁ።

ያን ናሙና ያዩ ሰዎች የታመመ ወይም ያረጀ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተጠራጥረው ነበር ይባላል። በ1885 የለንደኑ ኦልድፊልድ ቶማስ ከሶማሌ ምድር የመጣ ሌላ ናሙና መርምሮ ተፈጥሮው እንዲህ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ጥርጣሬው ቆየ። አንድ ቀን ከበሽታ በመራቁ ስሙ በዓለም የሚነሣው ፍጥረት ወደ ሳይንስ የገባው በበሽተኝነት ተጠርጥሮ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ጠጉር አልባው ፍልፈል የምሥራቅና የደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ የሶማልያና የኬንያ ነዋሪ ነው፤ በጨንቻ ብርድ አንድ ሌሊትም የሚያድር አይመስለኝም። ከመሬት በታች በብዙ አሥሮች፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት መቶ ሆኖ በአንድ ዋሻ ይኖራል። በ1981 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዋ ጄኒፈር ጃርቪስ ከኬንያ አምጥታ ያረባቻቸውን ተከታትላ ያወጣችው ጽሑፍ ዓለምን አስደነቀ። ከመላው መንጋ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ይመግባሉ፣ ይጠብቃሉ። ንብ አናቢ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት በአጥቢ እንስሳ ላይ ተገኘ።

ነቀርሳን ሊያጠና ብሎ ፍልፈል ማርባት የጀመረ ሰው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በመጠበቅ ነው። በቤተ ሙከራ የሚረባ አይጥ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ ብዙውም በዕጢ ይሞታል። ክብደታቸው 35 ግራም ገደማ የሆኑት ጠጉር አልባዎቹ ግን አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ከሠላሳም በላይ ኖሩ። ሮሼል ቡፈንስታይንና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት የሞቱትን ሁሉ እየከፈቱ ሲመረምሩ ዕጢ አላገኙም። እዚህ ላይ የአንባቢን ትዕግሥት ለምኜ ቆም ልበል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ይህ ሠላሳ ዓመት የፈጀ የመጠበቅ ሥራ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ሣጥን፣ ድንችና መዝገብ። በእኛ አገር ስንት መዝገብ ተጀምሮ ኃላፊው ሲቀየር ቀረ!

ከዚያ በኋላ የሕዋስ ሊቃውንቱ ገቡ። በኒው ዮርክ ግዛት በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቬራ ጎርቡኖቫና ባለቤቷ አንድሬ ሴሉአኖቭ በ2009 የፍልፈሉ ሕዋሳት በመርቢያው ሣህን ላይ ጎረቤት ገና ሲነካቸው መባዛታቸውን የሚያቆሙ መሆናቸውን አሳዩ። የሌሎች እንስሳት ሕዋሳት ሣህኑን እስኪሞሉ ድረስ አይቆሙም። ምክንያቱ የተገኘው በአንድ የጽዳት ችግር ነው። ሕዋሳቱ ያደጉበት ፈሳሽ እንደ ንፍጥ እየወፈረ የመምጠጫውን ቱቦ ይደፍን ነበር። ያወፈረው ሃያሉሮናን የተባለ፣ በሰውም መገጣጠሚያና ቆዳ ውስጥ ያለ፣ በሕዋሳት መካከል የሚገኝ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። የፍልፈሉ ሰንሰለት ግን ከሰውና ከአይጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። ሰንሰለቱ ሲቆራረጥ ሕዋሱ ወደ ዕጢ ሊለወጥ ቻለ። ይህ በ2013 ሲታተም ጋዜጦች ሁሉ «ነቀርሳ የማይነካው እንስሳ» እያሉ ጻፉ።

የሙያ ሰው ግን ከጋዜጣ ርዕስ በኋላ ያለውን ማንበብ አለበት። በ2016 በአሜሪካ በእንስሳት ማሳያ ሥፍራ ከሚኖሩት ጠጉር አልባ ፍልፈሎች በጥቂቶቹ ላይ እውነተኛ ነቀርሳ መገኘቱን የእንስሳት ሐኪሞች አስታወቁ። ስለዚህ «አይነካውም» የሚለው ወድቆ «እጅግ አልፎ አልፎ ነው» የሚለው ቀረ። በ2020 ደግሞ የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዕጢ አምጪነታቸው የታወቁ ዘረ መሎችን ወደ ፍልፈሉ ሕዋሳት ሲያስገቡ፣ ሃያሉሮናኑ ሳይነካ፣ ሕዋሳቱ ተለውጠው በአይጥ አካል ውስጥ ዕጢ ሆኑ። ይህ ከ2013ቱ ጋር የሚጋጭ ነው፤ ክርክሩም ጠንካራ ነበር። እኔ እንደምረዳው የኬምብሪጆቹ ሥራ የፍልፈሉን ጤንነት አላስተባበለም፤ ቦታውን ነው ያዛወረው። አንዲቷ ሕዋስ ብቻዋን ስትሆን እንደ ማናችንም ሕዋስ ልትስት ትችላለች። በእንስሳው አካል ውስጥ ሳለች ግን ዙሪያዋ ያሉት ሕዋሳት፣ የተቀመጠችበት ሥፍራና የመከላከያው ሥርዓት አንድ ላይ ሆነው ያቆሟታል ማለት ነው።

የሃያሉሮናኑም ነገር እንዲሁ አልተጣለም። በ2023 የሮቼስተሩ ቡድን ሰንሰለቱን የሚሠራውን የፍልፈል ዘረ መል ለአይጥ ሰጥቶ ዕጢው መቀነሱንና መካከለኛ ዕድሜው በ4.4 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳየ። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ፍጥረት ወደ ሌላው የተሻገረ ጥበቃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አእምሮዬን የያዘው በ2022 ከእንግሊዝ አገር ከሳንገር ተቋም የወጣው ቆጠራ ነው። የ16 አጥቢ እንስሳትን የአንጀት ሕዋሳት ወስደው በየዓመቱ ስንት ቋሚ የዘር ጽሑፍ ስሕተት እንደሚጠራቀም ቆጠሩ። በአይጥ 800 ያህል፣ በጠጉር አልባው ፍልፈል 93፣ በሰው 47። ዕድሜው ሲረዝም ስሕተቱ በዓመት ያንሳል፤ እያንዳንዱ እንስሳ በዕድሜው መጨረሻ የሚሸከመው ድምር ግን ተቀራራቢ ነው። የሰውነት ግዝፈት ከዚህ ቁጥር ጋር እምብዛም ግንኙነት አልነበረውም፤ ቀጭኔ እንኳ 99 አካባቢ ነው፣ ከዚያ ትንሽ ፍልፈል ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ከመሬት በታች ከጭልፊትና ከቀበሮ የተሸሸገ ፍጥረት ብዙ ዓመት የመኖር ዕድል ስላለው ተፈጥሮ ለጥገናው አብልጣ ትከፍልለታለች የሚለው አስተያየት ከዚህ ጋር ይስማማል።

ለዚህ አስተያየት ሁለተኛ ምስክር የሚሆነው ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው ዕውሩ ፍልፈል ስፓላክስ ነው። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ኤቪያታር ኔቮና ባልደረቦቹ ለግማሽ ምዕት ዓመት ሲያጠኑት በገዛ ራሱ ነቀርሳ ሲይዘው አላዩም። በ2013 እዚያው ሃይፋ ያሉ ተመራማሪዎች ነቀርሳ አምጪ ኬሚካል በቆዳውና ከቆዳው በታች ሲሰጡት አይጦቹ በወራት ውስጥ ዕጢ ሲያበቅሉ እርሱ ቁስሉን አሽሮ ተነሣ፤ አንድ ያረጀ ብቻ ከረጅም ጊዜ በኋላ ዕጢ ያዘው። መንገዱ ግን ከጠጉር አልባው ይለያል። ጎርቡኖቫ በ2012 እንዳሳየችው የስፓላክስ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲባዙ ኢንተርፌሮን የተባለውን ፕሮቲን አፍልቀው በጅምላ ይሞታሉ። አንዱ ቀድሞ ይቆማል፣ ሌላው ካለፈ በኋላ ያጠፋል።

አሁን ወደ ጨንቻ ጓሮ ልመለስ። የሽማግሌውን እንሰት የጣለው የደጋ ፍልፈል ለጠጉር አልባው ፍልፈል ሩቅ ነው። የቅርብ ቤተሰቡ ዕውሩ ስፓላክስና የእስያ የቀርከሃ አይጦች ናቸው፤ የደጋው የጨንቻ ሰው ቤቱንም አጥሩንም በቀርከሃ የሚሠራ መሆኑን ሳስብ ዝምድናው ቀልድ ይመስለኛል። ለጠጉር አልባው የሚቀርበው ደግሞ ሌላው የእንሰት ጠላት፣ ሌሊት መጥቶ ግንዱን የሚገዘግዘው ጃርት ነው። ስለዚህ ያ ጓሮ በማታና በቀን የሁለቱን ታዋቂ ቤተሰቦች ዘመዶች ሲቀልብ ኖሯል። ይህን ስል በስፓላክስ የታየውን ሁሉ ለጨንቻው ፍልፈል መስጠቴ አይደለም። በመካከላቸው ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አሉ፤ ዝምድና ደግሞ ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል እንጂ መልስ አይሆንም።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ ይህንም ከባልደረቦቼ ልደብቅ አልሻም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ሕዝብ ሲወርድ መድኃኒት ነው ተብሎ ይሸጣል። የአክስቴ ልጅ በጡቷ ላይ እንደ ባቄላ ያለች እብጠት አግኝታ፣ «ይህች በምላጭ አትነካም» ብሎ የማለላትን ሰው አምና ከዓመት በላይ ቅጠል ስትለጥፍ ከረመች። ሆስፒታል ስትደርስ በሽታው ጉበቷ ላይ ነበር። ነገ አንዱ የፍልፈል ሥጋ ወይም ስብ ለነቀርሳ ይሆናል ብሎ ቢነሣ አልደነቅም። ሃያሉሮናን ቢበላ በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ስኳር ይፈራርሳል፤ ጥገናውም ከእንስሳው ወደ በላተኛው አይሻገርም። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ የተያዘው የነቀርሳ መዝገብ እንደሚያሳየው በሴቶቻችን ላይ የሚበረቱት የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳዎች ናቸው። ሁለቱም በጊዜ ከተገኙ የሚታከሙ ናቸው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት ይሰጣል። ክትባቱም ቢሆን ተፈጥሮ የሰጠንን መከላከያ ቀድሞ ማንቃት እንጂ ሌላ አይደለም።

በሌላ በኩል ከምድራችን እውነተኛ መድኃኒት አይወጣም ማለቴም አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ከሆነ ተክል አሜሪካዊው ሞሪስ ኩፕቻን በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን፣ የሕዋስን መከፋፈል የሚያግድ ንጥረ ነገር አወጣ። ብቻውን መርዝነቱ ስለ በዛ ለዓመታት ተትቶ ቆይቶ፣ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ወደ ዕጢው ብቻ እንዲሄድ ከተደረገ በኋላ በ2013 ለጡት ነቀርሳ መድኃኒትነት ተፈቀደ። ከቁጥቋጦው እስከ ሕሙማኑ አርባ ዓመት ፈጅቷል።

ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም። ጓሮውን የያዘው ልጃቸው ነው፤ እርሱም እንደ አባቱ በፍልፈሉ መንገድ ላይ ወጥመድ ያኖራል። አታኑር ልለው አልደፈርሁም፤ አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። የደጋው ፍልፈል ደግሞ እንደ ባሌው ግዙፍ ዘመዱ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት አይደለም። ባለፈው በሄድሁ ጊዜ ግን ከወጥመዱ የወጣውን አንዱን ለምኜ ወሰድሁና ለተማሪዎቼ በአልኮል አኖርሁት። በጠርሙሱ ላይ የጻፍሁት ስም ሩፔል የሰጠውን ነው። ለጠጉር አልባው በመዝገብ የቀረለት የትውልድ ሥፍራ ሸዋ የምትል አንዲት ቃል ስለሆነች፣ እኔ ከስሙ ሥር ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ከየትኛው እንሰት ሥር እንደ ተያዘ ጨመርሁበት። ልጁም ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ዕድሜውንስ አትጽፍም?» አለኝ። ጥርሱን አገላብጬ አየሁና ቦታውን ክፍት ተውሁት።